መስኮቱ ለማን ነው?

የዓይን ምቾት ማለት አንድ ሰው ሳያፈጥ፣ ሳያጨነቁር፣ ግንባሩን ሳይቋጥርና ማታ ራሱን ሳያመው ሥራውን ማየት መቻሉ ነው። በቢሮ ውስጥ ይህን ምቾት የሚወስኑት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ብርሃኑ ምን ያህል ነው፣ ከየት በኩል ይመጣል፣ ምን ላይ ያርፋል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል ወይስ ይደርቃል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውስ ሰው ዕድሜው ስንት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ሠራተኛው በራስ ምታት ይከፍላል፤ ባለጉዳዩ በምልልስ ይከፍላል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይህን ለመመርመር የተመቹ ከተሞች ናቸው። ሦስቱም አዲስ አበባን ከበው ተቀምጠዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሦስቱም ዋና መንገድ ይዘው ያደጉ ናቸው። መንገዶቹ ግን በሦስት አቅጣጫ ስለሚሄዱ ሠራተኞቻቸው ዓይናቸውን የሚያጨነቁሩበት ሰዓት ለየቅል ነው።

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ለማንበብ፣ ለመጻፍና በኮምፒዩተር ለመሥራት ዓለም አቀፉ መለኪያ ጠረጴዛው ላይ 500 ሉክስ ይጠይቃል፤ ለኮሪደር 100 ይበቃል ይላል። ደጅ ያለው ጠራራ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ደመና ያዘለ የሐምሌ ሰማይ እንኳ ብዙ ሺህ አያጣም። እንግዲህ በደጋው አገር የብርሃን ችጋር አለ ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ሰማዩ በነፃ ያወረደው ብርሃን ቢሮ ሲገባ ግን ወይ ይተርፋል ወይ ይጎድላል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ይሆናል። ዓይን ራሱን የሚያስተካክለው ለበረታው ብርሃን ነው። ደማቅ መስኮት ፊቱ የተደቀነበት ሰው ከእጁ ያለው ወረቀት በቂ ብርሃን እያለው ይጨልምበታል። ስለዚህ ማጥበርበር ከጨለማ የተለየ ችግር አይደለም፤ በብርሃን ብዛት የመጣ ጨለማ ነው።

ፀሐይ በየዓመቱ መንገዷን ሳትስት የምትመላለስ ብትሆንም፣ በእነዚህ ከተሞች ሕንፃ ሲታነጽ የሚታየው የእሷ ጉዞ አይደለም፤ አስፋልቱ ነው። ኪራይ የሚያመጣው ወደ አስፋልት የዞረ ፊት ነውና አያስገርምም። ምድር ቤቱ ለሱቅ፣ ለካፌና ለባንክ ይሆናል፤ ከላይ ያሉት ፎቆች ለቢሮ ይከራያሉ፤ መስታወቱ ሁሉ ወደ መንገዱ ይደረደራል። ጎኑና ጀርባው ‹‹ነገ ጎረቤት ይሠራል›› ተብሎ ድፍን ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤቱም በተራው ሲሠራ እንዲሁ ያደርጋል። ውጤቱ በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን የሚያገኝ ረጅም ክፍል ነው። የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ በደንብ የሚዘልቀው የመስኮቱ ራስጌ ከወለል ያለውን ከፍታ እጥፍ ያህል ነው። ራስጌው 2 ሜትር ተኩል ላይ ከሆነ፣ ከ5 ሜትር ወዲያ የተቀመጠ ሠራተኛ የሚደርሰው የፀሐይ ወሬ ብቻ ነው።

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን የሚሻገረው የጎጃም መንገድ ሱሉልታን ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሰነጥቃታል። ስለዚህ የመንገድ ዳር ሕንፃዎቿ ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ ለዓይን ከዚህ የከፋ ምርጫ የለም። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር የቀትር ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ በመስኮት ብዙም አትገባም፤ የምትገባው ዝቅ ባለችበት ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። በ2፡30 ሥራ ሲጀመር የምሥራቁ ረድፍ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የሚያየው ሰነዱን አይደለም፤ የገዛ ፊቱንና ከኋላው ያለውን መስኮት ነው። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ሰነዱ ይታየዋል። ከ8 ሰዓት በኋላ ተራው የማዶው ረድፍ ይሆናል፤ ፀሐይዋ ዝቅ እያለች እስከ መውጫው 11፡30 ድረስ ሒሳብ ሠራተኛውን ፊት ለፊት ታየዋለች። ጉዳዩ በቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ከምሥራቁ ረድፍ ከሰዓት በኋላ፣ ከምዕራቡ ረድፍ ጠዋት ቢሄድ ይሻለዋል። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፎ የሚያስነብብ መሥሪያ ቤት ግን አይገኝም።

ቡራዩ ሳታስብበት የቀናት ከተማ ናት። ከአስኮ ወጥቶ በገፈርሳ በኩል ወደ አምቦ የሚሄደው መንገድ ወደ ምዕራብ ስለሚዘረጋ የሕንፃዎቿ ፊት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያመዝናል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። እሷን ለማስቀረት ከባድ ምህንድስና አያስፈልግም፤ ቁመቱ 1 ሜትር ለሆነ መስኮት ከላዩ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ጥላ ወይም በረንዳ ይበቃል። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ከሰኔ ጀምሮ ደመናው ስለሚጋርዳት የሰሜኑ መስኮት የሚፈተነው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ያኔም ከአናት ብዙ ስለማትርቅ ጉዳቷ ቀላል ነው። በዓይን ድካም ለማሳበብ ከሦስቱ ከተሞች ሠራተኞች ሁሉ ሰበብ የሚያጥረው የቡራዩ ነው ማለት ነው። ይህን ለአለቆች መንገር ግን ነገር ማዋሰድ ይሆናል።

ሰበታ በሁለቱ መካከል ናት። ከዓለም ገና ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያዘነብል ሕንፃዎቿ ወይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ስትወጣ ወደ ደቡብ ስለምታደላ የመጀመሪያው ረድፍ ጠዋት ጠዋት ይጠበሳል። በሚያዝያና በግንቦት ስትጠልቅ ወደ ሰሜን ስለምታደላ ሁለተኛው ረድፍ ከሰዓት በኋላ ተራውን ያገኛል። የሰበታ ቅሬታ እንግዲህ ወቅት አለው። በኅዳር የተጻፈ የመጋረጃ ግዥ ጥያቄ ግዥ ክፍል ደርሶ፣ በጀት ተፈልጎለት፣ ለማጣራት ሰው የሚላከው በመጋቢት ነው። የተላከውም ሰው ክፍሉን ዞሮ ዞሮ ‹‹ፀሐይዋ የታለች?›› ይላል፤ ጥያቄው ይዘጋል። በኅዳር እንደገና ይጻፋል።

ባለሕንፃዎች ለፀሐይ ያገኙት መድኃኒት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ መስታወት ነው። ከውጭ ሲያዩት ሰማዩን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የሚያልፈውን ሚኒባስ መልሶ ያሳያል፤ ውስጥ ላለው ሰው ግን ከደጅ ብርሃን ግማሹን እንኳ አያሳልፍም። ሐምሌ ነው ነሐሴ ነው አይልም፤ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። በክረምት ቀን በቀትር መብራት የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። ተራ መስታወት የደረሰው ሠራተኛ የራሱን መላ ይፈጥራል፤ ካኪ ወረቀት፣ ያለፈ ካላንደር ወይም አሮጌ ጋዜጣ በፕላስተር ይለጥፋል። ፀሐይዋ በየወሩ ቦታ ስለምትቀይር ጋዜጣው ይጨመራል እንጂ አይነሳም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መስኮቱ በቢጫ ወረቀት የተሸፈነ ግድግዳ ይሆናል። ወረፋ የሚጠብቀው ባለጉዳይም ጊዜው ያለፈበትን የጨረታ ማስታወቂያ ከመጀመሪያው እስከ ‹‹መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ›› ድረስ ደጋግሞ ያነበዋል።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ የገባው ብርሃን የሚከፋፈለው በሥራ ብዛት ሳይሆን በማዕረግ ነው። የመስኮት ዳር ቦታ የኃላፊ ነው። ሹም ጀርባውን ለበር ስለማይሰጥ ጠረጴዛው ወደ በሩ ይዞርና መስኮቱ ከኋላ ይቀራል። ገብቶ የቆመ ባለጉዳይ የሚያየው ዙሪያውን የሚያበራ ጥቁር ቅርጽ ነው፤ ኃላፊው ፈገግ ይበሉ ይኮሳተሩ አይለይም። የእሱ ፊት ግን ከነላቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለሥልጣን የተመቸ አቀማመጥ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አይሆንም፤ ከጀርባ የመጣው ብርሃን ስክሪኑ ላይ አርፎ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ኃላፊው ይህን ችግር በስክሪን ባለመሥራት ፈትተውታል። ደብዳቤው ታትሞ ይቀርባል፤ ይመሩበታል፣ ይፈርሙበታል። ከዚያ ውጭ ስብሰባ ላይ ናቸው። እሳቸው ስብሰባ በሆኑበት ቀን የሕንፃው ምርጥ ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ወንበር ሲያሞቅ ይውላል።

ጸሐፊዋ ከእሳቸው በር ውጭ፣ መስኮት በሌለው መጠበቂያ ክፍል ትተይባለች። ሒሳብ ሠራተኞቹ ከመስኮቱ ማዶ ባለው ግድግዳ ጥግ ናቸው። መዝገብ ቤቱ ደረጃ ሥር ወይም ምድር ቤት ይሰጠዋል። በሕንፃው ውስጥ ከሁሉ የደቀቀና የደበዘዘ ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ያለው ግን እዚያ ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ የፋይል ቁጥር፣ ቀለሙ የለቀቀ ማህተም፣ በካርቦን የተገለበጠ የድሮ ደብዳቤ። አምፖሉ አንድ ነው፤ እሱም ከመደርደሪያዎቹ በላይ ተሰቅሎ የሚያበራው የመደርደሪያውን አናት ነው። ሠራተኛው በግራ እጁ የስልኩን ባትሪ አብርቶ፣ በቀኙ ፋይል ይገልጣል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ ቁጥሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያነባል። ስልኩ ሲጮህ ፍለጋው ይቋረጣል፤ አነጋግሮ ሲጨርስ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበር ረስቶታል። በመጨረሻ ‹‹ፋይልህ ጠፍቷል›› የሚል መልስ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ፋይሉ እዚያው ነው፤ የጠፋው መብራቱ ነው።

ጠረጴዛ ላይ መስታወት ማንጠፍ የቆየ የቢሮ ልማድ ነው። ከሥሩ የልጆች ፎቶ፣ የስልክ ቁጥር ዝርዝር፣ የዘንድሮና የአምና ካላንደር፣ የአንድ ሰሞን ስልጠና የቡድን ፎቶ ይደረደራል። ለዓይን ግን መስታወቱ በጀርባው የተኛ መስኮት ነው። የኮርኒሱን መብራት ተቀብሎ ሠራተኛው ዓይን ላይ ይመልሰዋል፤ የተኛውም ወረቀት መሐሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ይመስላል። ሰውየው ሳይታወቀው አንገቱን ወደ ግራ ዘመም፣ ትከሻውን ወደ ፊት ሰበር አድርጎ ይሠራል። ማታ የሚያመው አንገቱ ስለሆነ መስታወቱን የሚጠረጥር የለም፤ ትራስ ይቀየራል። እስከ ደረት የሚቀባው የሚያብለጨልጭ የግድግዳ ዘይት ቀለምም የዚሁ ተባባሪ ነው። ቶሎ ስለሚጸዳ ይወደዳል፤ ዓይንን ግን ከጎን ይወጋል።

የኤሌክትሪክ ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያ መስመር በሰከንድ 50 ዙር የሚሄድ ስለሆነ በድሮው ባላስት (ኤሌክትሪኩን በሚመጥንለት መሣሪያ) የሚሠራ ረጅሙ የፍሎረሰንት ቱቦ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል። ዓይን አይለየውም፤ አንጎል ግን አያመልጠውም። እንግሊዛዊው አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ የቢሮ ቱቦዎች በጣም በፈጠነ ድግግሞሽ በሚሠራ ባላስት ሲተኩ የሠራተኞቹ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። አዲሶቹ ኤልኢዲ አምፖሎችም ርካሽ ሲሆኑ ይዋዥቃሉ፤ በስልክ ካሜራ ሲታዩ ጥቁር መስመር የሚሮጥባቸው የዚህ ዓይነት ናቸው። ስታርተሩ ያረጀ ቱቦ ደግሞ መደበቅ አያውቅም፤ ጠዋት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ሲያንገራግር ይውላል። ከሠራተኞቹ ቁመተ ረጅሙ ወንበር ላይ ወጥቶ ስታርተሩን ያዞረዋል፤ ይበራል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ እግሩ መሬት ሲነካ ቱቦው እንደገና ይጀምራል።

ብርድ የዓይን ጉዳይ አይመስልም፤ ሱሉልታ ላይ ግን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሜዳዋ ላይ ውርጭ ያድራል። ይህ አየር ለሯጭ ይስማማል፤ ቀነኒሳ በቀለም መሮጫ መሙን እዚያ መሥራቱ በከንቱ አይደለም። ለጣት ግን አይስማማም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው አለን ሄጅ እ.ኤ.አ. በ2004 ፍሎሪዳ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ባደረገው ጥናት የክፍሉ ሙቀት ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያድግ የትየባ ስህተት በ44 በመቶ ቀነሰ፣ የተተየበውም መጠን በ150 በመቶ ጨመረ። ፍሎሪዳዎች ብርድ ያሉት 20 ዲግሪ በሱሉልታ የታኅሣሥ ጠዋት ቢገኝ ኖሮ ቢሮው በሙሉ ኮቱን ያወልቅ ነበር። ኮት ሲነሳ፣ በሌሎች ከተሞች ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት ‹‹አለ፣ ወጣ ብሎ ነው›› ብሎ የሚመሰክር ታማኝ ባልደረባ ነው። ሱሉልታ ላይ ይህ ዘዴ ሥር አልሰደደም፤ ኮቱን ትቶ ደጅ የሚወጣ ጀግና የለም። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሰውየው የለም፤ ባለጉዳይም ቁርጡን አውቆ ይሄዳል።

ለብርዱ የሚገባው ሒተር በፊናው ዓይንን ይነካል። ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ሲሠራ መስመሩን ስለሚያደክም አምፖሉ ይደክማል፤ የሁለት ሒተሮች ባለቤቶች በአንድ ጊዜ ከለኮሱ ፊውዙ ይወርድና ሁለቱም ‹‹እኔ አልነበርኩም›› ይላሉ። ከዚያ ይልቅ የሚጎዳው የአየሩ መድረቅ ነው። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይህ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዓይንን በእንባ የሚያርሰው መርገብገቡ ስለሆነ፣ በበጋው ደረቅ አየር ላይ ሒተሩ ሲጨመር ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ይቀላል። ባለጉዳይ ይህን ቀይ ዓይን በጠዋት አይቶ የሚጠረጥረው ሒተሩን አይደለም።

ዕድሜም ድርሻ አለው። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የዓይን ምስሪት (ሌንስ) እየጠጠረ በቅርብ ማንበብ ይቸግራል፤ ስለዚህ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይን ያገለግላል። በ60 ዓመት ሰው የዓይን መጋረጃ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመቱን ወጣት ሲሶ ያህል ነው። ጀማሪው ‹‹ይበቃል›› ያለው አምፖል ለነባሩ ምሽት ነው። ነባሩ ግን ማርጀቱን ለመዝገብ አይናገርም፤ ወረቀቱን በክንዱ ልክ ያርቅና ‹‹የዘንድሮ ፕሪንተር ቀለም የለውም›› ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሄዶ ከመታየት ከመንገድ ላይ መነጽር መግዛት ይቀላልና ይገዛል። ከዚያ ወዲያ ያ መነጽር የክፍሉ ንብረት ይሆናል፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ አንድ ጆሮው በክር ይታሰራል፤ ደመወዝ ፊርማ ቀን ወረፋ የሚያዘው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ብርሃን ሲሻሻል ሥራ ይጨምራል ወይ ለሚለው ጥያቄ የቆየ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1927 በቺካጎ አጠገብ በዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ ብርሃን ጨመሩ፤ ምርት ጨመረ። ብርሃኑ ያልተነካው ክፍልም ምርቱን ጨመረ። ብርሃኑን ቀነሱ፤ ምርቱ በጅ አላለም፤ የወረደው ወደ ጨረቃ ብርሃን ሲጠጋ ነው ተባለ። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ሰው የሚተጋው ሲታይ ነው የሚል ሆነ፤ አምፖል ከመግዛት ተቆጣጣሪ መመደብ የሚቀናቸው ኃላፊዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል። ኢኮኖሚስቶቹ ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያውን መረጃ አግኝተው ሲመረምሩት ግን የተወራውን ያህል ውጤት አልተገኘበትም። ከዚያ የበለጠ የሚታመነው በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ በአንድ የመብራት አገልግሎት ድርጅት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት ነው። ጥሩ የውጭ እይታ ያላቸው የስልክ አስተናጋጆች ምንም እይታ ከሌላቸው ከ6 እስከ 12 በመቶ ፈጥነው ሠሩ፤ መስኮቱ ያጥበረበራቸው ሠራተኞች ደግሞ በፈተና ከ15 እስከ 21 በመቶ ወደ ኋላ ቀሩ። አንዱ መስኮት ሁለቱንም ያደርጋል ማለት ነው፤ ጉዳዩ ጠረጴዛው ወዴት ዞሯል ነው።

ዓይንን ማሳረፍ ከዚሁ ይገባል። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየትን ይመክራሉ፤ ቅርብ ሲያዩ የሚኮማተረው የዓይን ጡንቻ የሚፍታታው ያኔ ነው። የእነዚህ ከተሞች ሠራተኛ ምክሩን ሳይሰማ ከሚገባው በላይ ይፈጽመዋል። ረፋድ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ ሰበታ ያለው ወጨጫን፣ ሱሉልታ ያለው የእንጦጦን ጀርባ ያያል፤ ከ6 ሜትር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይበልጣል። ሰዓቱም ከ20 ሰከንድ ትንሽ ይረዝማል፤ በተለይ ሻይ ከተጨመረበት። የሚያልፍ አለቃ ይህን ስንፍና ይለዋል፤ ከፊሉ ነው። ከፊሉ ግን ሙቀትና ብርሃን ውስጥ ያጣ ሰው ደጅ ወጥቶ መፈለጉ ነው፤ 500 ሉክስና 22 ዲግሪ ወንበሩ ድረስ ቢመጡለት ግድግዳውን የሚደገፈው ባነሰ ነበር።

መብራት ሲሄድ የዓይን ምቾት ጉዳይ ለጊዜው ይዘጋል። ጄኔሬተር ያለው ያስነሳል፤ የሌለው ‹‹ሲስተም የለም›› ይላል። በዚህ ረገድ ሰበታ ከሌሎቹ የምትለይበት አንድ ተቋም አላት። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በብሬይል የሚያነቡት በጣታቸው ስለሆነ አምፖል ቢጠፋ ገጹ አይጠፋባቸውም። ከዓይነ ስውራን ምሩቃን መካከል መምህርና የሕግ ባለሙያ የሆኑት ብዙ ናቸው፤ ጨለማ ሰበብ ሆኖ ቀጠሮ በሚዛወርበት መሥሪያ ቤት መብራት በሄደ ሰዓት ማንበቡን የሚቀጥለው እንዲህ ያለው ባልደረባ ነው። የሚያይ ሠራተኛ ግን ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ይነሳል፤ መብራት በሌለበት ተቀምጦ መሥራት እንደ ነውር ይቆጠራል።

ሕጉ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው ጤናና ደኅንነት የማያሰጋ አድርጎ እንዲይዝ ያስገድዳል። አዋጁ መጥበርበርን በስሙ አይጠራም፤ ክስ የመሠረተም ዓይን አልተሰማም። መፍትሔዎቹ ደግሞ ባብዛኛው ርካሽ ናቸው። ስክሪኑ ለመስኮቱ ጎኑን እንዲሰጥ ማዞር፤ ከዓይን በክንድ ርቀት፣ አናቱ ከዓይን ከፍታ እንዳይበልጥ ማስቀመጥ፤ ኮርኒሱንና የግድግዳውን ላይኛ ክፍል ነጭ መቀባት፤ ከጠረጴዛው መስታወት ላይ ቢያንስ የሚጻፍበትን ቦታ በጨርቅ ወይም በወረቀት መሸፈን፤ ለመዝገብ ቤቱ በመደርደሪያዎቹ መሐል እንጂ በላያቸው ያልተሰቀለ አምፖል መስጠት፤ መስታወቱን ማጠብ። ከሁሉም የሚከብደው የኃላፊውን ጠረጴዛ ከጸሐፊዋ ጋር ማቀያየር ስለሆነ በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አይካተትም።

ጠረጴዛ ማዞር ግን ማንንም አያስቆጣም፤ የሰው ጉልበት ብቻ ይበቃል። በተግባር የሚያቆመው የኢንተርኔቱ ገመድ ነው፤ ገመዱ የተለካው ለድሮው አቀማመጥ ስለሆነ ስክሪኑ ሲዞር አይደርስም። የጎደለው 2 ሜትር ገመድ ነው። ለዚያ የግዥ መጠየቂያ ይሞላል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሁለቱ ወዲያው ይገኛሉ፤ ሦስተኛው ሱቅ ለ2 ሜትር ገመድ ፕሮፎርማ አልጽፍም ብሏል።